ድሪቶ እና ጥበብ

በአማርኛችን ውስጥ ጎን ለጎን የሚኖሩ ግን የማይነጋገሩ ሁለት የልብስ ቃላት አሉ። አንደኛው «ድሪቶ» ነው። ተቀዶ የተጣፈ፣ በጥፉ ላይ ሌላ እራፊ የተደረበበት፣ የድሃ ልብስ ማለት ነው። ሁለተኛው «ጥበብ» ነው። በሐበሻ ቀሚስ ጫፍ ላይ በቀለም የሚያበራው የሸማኔ ሥራ ሲሆን፣ ትርጉሙ ሲሰፋ ዕውቀትና ብልሃት ይሆናል። አንድን ሰው «ድሪቶ ለባሽ» ካልነው ሰድበነዋል፤ «ጥበብ ለባሽ» ካልነው ግን አክብረነዋል።

የዛሬው ጽሑፌ እነዚህ ሁለት ቃላት ስለሚገናኙበት ሙያ ነው። ፈረንጆቹ «ኩዊልት» ይሉታል። ብጣሽ ጨርቅ እየገጣጠሙ፣ በመካከሉ ጥጥ እየደረቡ፣ ከላይ እስከ ታች እየሰፉ የሚሠሩት ብርድ ልብስ ነው። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በጃፓን ሚሊዮኖች የትርፍ ጊዜ መዝናኛ አድርገው ይዘውታል። ሙዚየሞች ከታላላቅ ሥዕሎች ጎን ይሰቅሉታል። እኔም ሕግ ተምሬ፣ ዕድሜዬን በመዝገብና በወረቀት መካከል ያሳለፍኩ ሰው፣ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ማታ ማታ መርፌ የምይዘው ለዚሁ ነው።

ወዳጆቼ ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ ይስቃሉ። ቀጥሎ «አንተ ሰውዬ፣ ጤና ነህ?» ይላሉ። ሦስተኛው ጥያቄ ግን ብዙውን ጊዜ ቁም ነገር ነው፤ «እንዴት ነው የሚሠራው?» ለሦስተኛው ጥያቄ በየቡና ቤቱ ደጋግሜ ከምመልስ፣ አንድ ጊዜ አሳምሬ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው ይህን ማቅረቤ።

ለመሆኑ ኩዊልት ምንድን ነው?

ኩዊልት በአጭሩ ሦስት ንብብር ያለው ልብስ ነው። የላይኛው ንብብር «ገጽ» ነው። ውበቱ የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ከትናንሽ ቁራጮች ሊገጣጠም፣ ወይም ከአንድ ወጥ ጨርቅ ሊሠራ ይችላል። መካከለኛው ሙቀት የሚሰጠው ነው፤ ባዘቶ፣ ሱፍ ወይም ያረጀ ብርድ ልብስ ሊሆን ይችላል። የታችኛው ገበሩ ነው።

ሦስቱን የሚያያይዘው ዘልቆ የሚያልፍ ስፌት ነው። ሥራው ለጌጥ ብቻ አይደለም። ካልተሰፋ በመካከል ያለው ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ወደ አንድ ጥግ ይሰበሰብና ልብሱ የአሮጌ ፍራሽ መልክ ይይዛል። የሚያሞቀን ደግሞ ጨርቁ ብቻ ሳይሆን፣ በንብብሮቹ መካከል የታሰረው አየር ነው። አያቶቻችን ይህን ሳያውቁ አልቀሩም። ነጠላ ሁለት፣ ጋቢ አራት ድርብ የሆነው በከንቱ አይደለም።

ገጹ በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው ግጥም ነው፤ አራት ማዕዘንና ሦስት ማዕዘን ቁራጮችን ጠርዝ ለጠርዝ መስፋት። ሁለተኛው ልጥፍ ነው፤ የሰው፣ የአበባ ወይም የወፍ ቅርጽ ቆርጦ በመደብ ጨርቅ ላይ መስፋት። አብዛኞቹ ጀማሪዎች በግጥም ይጀምራሉ። ቀጥ ያለ መስመር መስፋት የሚችል ሰው ሁሉ ይችለዋል።

አሜሪካ አልፈጠረችውም

ብዙ ሰው ኩዊልት የአሜሪካ ፈጠራ ይመስለዋል። አይደለም። በለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም ከ5,000 ዓመት ገደማ በፊት ከዝሆን ጥርስ የተቀረጸ የአንድ ፈርዖን ትንሽ ምስል አለ፤ ንጉሡ የደረበው ካባ የተሰፋ ድርብ ልብስ ይመስላል። በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ወታደሮች ከብረት ጥሩራቸው ሥር ጥጥ ወይም ቅዳጅ ጨርቅ የተጠቀጠቀበት ድርብ ልብስ ይለብሱ ነበር። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በሲሲሊ የተሠራውና የትሪስታንን ታሪክ በስፌት የሚተርከው ኩዊልት፣ ከፊሉ በለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም፣ ከፊሉ በፍሎረንስ ዛሬም ድረስ አለ።

በቤንጋል ሴቶች ያረጀ ሳሪ ደራርበው «ካንታ» ይሰፋሉ። በሰሜን ጃፓን ገበሬዎች የተቀደደውን በሰማያዊ እራፊ ላይ በላይ እየጣፉ ለልጅ ልጅ ያወርሱ ነበር። «ቦሮ» ይሉታል፤ ትርጉሙ ከእኛ ድሪቶ ብዙም አይርቅም። ዛሬ የቦሮ ልብስ በዓለም ገበያ የሚሸጠው በውድ ዋጋ ነው።

ወደ እኛ ቀረብ ስንል ሁለት ነገር እናገኛለን። የመጀመሪያው ከታሪካችን ጋር በደም የተያያዘ ነው። በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሱዳኑ ማህዲ ተከታዮች «ጂባ» የሚባል እጀ ጠባብ ይለብሱ ነበር። በላዩ ላይ ያለው ጥፍ ዓለማዊ ሀብትን መናቃቸውን የሚያሳይ ምልክት ነበር። እየቆየ ግን ጥፉ ቀዳዳ መድፈኑን ተወና በሥርዓት ተለክቶ፣ በቀለም ተመርጦ የሚሰፋ የሠራዊት መለዮ ሆነ። መጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወደቁት ይህን የተጣፈ ልብስ ከለበሰ ጦር ጋር ሲዋጉ ነው። ድሪቶ መለዮ የሚሆንበት ጊዜ አለ ለማለት ነው።

ሁለተኛው በሕንድ ነው። በካርናታካ ግዛት «ሲዲ» የሚባሉ ትውልዳቸው አፍሪካዊ የሆነ ሕዝቦች አሉ። አያቶቻቸው ከምሥራቅ አፍሪካ፣ ከፊሎቹም ከእኛው አካባቢ፣ በባሪያ ንግድና በውትድርና ወደ ሕንድ የተሻገሩ ናቸው። በዚያ አገር «ሐብሺ» የሚለው ስም የተረፈው በዚሁ ምክንያት ነው። የሲዲ ሴቶች ከአሮጌ ልብስ «ካዋንዲ» የሚባል ኩዊልት ይሰፋሉ። ከጠርዝ ጀምረው እየዞሩ ወደ መካከል ይገባሉ። መጨረሻ ላይ በአራቱም ማዕዘን ትንንሽ ጨርቅ አጥፈው ያክላሉ፤ «ፉላ»፣ ማለትም አበባ ይሉታል። ፉላ የሌለው ካዋንዲ በእነርሱ ዘንድ ራቁቱን የቀረ ነው። ላቡን አንጠፍጥፎ የሚያድር ድሃ ለማዕዘኗ አበባ መጨነቁ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ከአምስት ዶላር እስከ ሙዚየም

አሜሪካ ኩዊልትን ባትፈጥረውም ስሙን ያስጠራችው እርሷ ናት። ከስሞቹ ሁሉ የማስቀድመው የሃሪየት ፓወርስን ነው። እ.ኤ.አ. በ1837 በጆርጂያ በባርነት ተወለደች። ከነፃነት በኋላ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን በልጥፍ የሚተርክ ኩዊልት ሰፍታ በ1886 አቴንስ በተባለችው ከተማ የጥጥ ትርኢት ላይ አቀረበችው። አንዲት የሥዕል መምህር ልትገዛት ጠየቀቻት፤ እምቢ አለች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ቤተሰቡ ሲቸገር፣ ራሷ ይዛው ሄደች። አሥር ዶላር ጠይቃ አምስት ዶላር ተቀበለች። ከመስጠቷ በፊት የእያንዳንዱን ሥዕል ትርጉም ለገዢዋ አስረድታ አስጻፈች። ያ ኩዊልት ዛሬ በዋሽንግተን ስሚዝሶኒያን ውስጥ ነው። ሁለተኛው ሥራዋ በቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል፤ በ1833 በሰማይ የታየውን የከዋክብት ዝናብ ሳይቀር ሰፍታበታለች። በእጃችን የቀሩት እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ሁለተኛው ስም የመንደር ስም ነው፤ ጊስ ቤንድ ይባላል። በአላባማ ወንዝ ጠመዝማዛ ተከብቦ፣ በሦስት በኩል ውሃ፣ በአንድ በኩል መንገድ ያለው የጥቁሮች መንደር ነው። ነዋሪዎቹ የቀድሞ ባሮች ልጆች ናቸው። ብዙዎቹ ዛሬም «ፔትዌይ» የሚለውን የባሪያ ጌታ ስም ይዘዋል። የመንደሩ ሴቶች የጭነት ከረጢትና ያለቀ የሥራ ሱሪ እየቆራረጡ ለልጆቻቸው ብርድ መከላከያ ይሰፉ ነበር። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መንደሩ በመራጭነት ለመመዝገብ ሲነሳ፣ ወንዙን የሚያሻግረው ጀልባ በ1962 ተቋረጠ። አገልግሎቱ እስከ 2006 አልተመለሰም። ማርቲን ሉተር ኪንግ በየካቲት 1965 መንደሩን ጎብኝቶ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በአካባቢው «የነፃነት የኩዊልት ማኅበር» ተመሠረተ። ሴቶቹ በመርፌያቸው ገንዘብ ማግኘት ጀመሩ። በ1972 ሲርስ ለተባለው ትልቅ መደብር የኮርዶሮይ ትራስ ልብስ መስፋት ጀመሩ፤ የተረፈውን ቁርጥራጭ ወደ ቤት ወስደው የራሳቸውን ሰፉበት።

እ.ኤ.አ. በ2002 የጊስ ቤንድ ኩዊልቶች በሂዩስተን፣ ቀጥሎም በኒውዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም ታዩ። የሥዕል ሐያሲያን በአሜሪካ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ከታዩት ታላላቅ ሥራዎች መካከል መደቧቸው። በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቤት አሥር ቴምብር አሳተመላቸው። ይኸው ዊትኒ ሙዚየም ገና በ1971 ኩዊልቶችን እንደ ሥዕል ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ያሳየ ስለሆነ፣ በሩን ከፍቶ የጠበቀ ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው የብዙ ሺህ ሰዎች ስም ነው። በኤድስ የሞቱ ሰዎች ወዳጅ ዘመዶች ለእያንዳንዱ ሟች 90 በ180 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ማለትም የመቃብር ስፋት ያለው ጨርቅ ሰፉ። ኦክቶበር 11 ቀን 1987 እ.ኤ.አ. 1,920ው ጨርቅ በዋሽንግተን አደባባይ ተነጠፈ። ዛሬ ወደ 50,000 ደርሷል፤ ክብደቱ 54 ቶን ገደማ ነው። ሐሳቡን ያመነጨው ክሊቭ ጆንስ የተባለ የሳን ፍራንሲስኮ ሰው ነው። ቤተሰብ የልጁን ሕመም ስም ለመጥራት በሚያፍርበት ዘመን፣ ስሙን በጨርቅ ላይ ሰፍቶ በአደባባይ ማንጠፍ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ፣ እኛም «በአጭር ሕመም» እያልን የቀበርናቸውን የምናስታውስ ሰዎች እናውቀዋለን።

መርፌና ችሎት

እንግዲህ የሕግ ሰው ነኝና ወደ ቤቴ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1900 በአሜሪካ አዮዋ ግዛት አንድ ገበሬ በተኛበት በመጥረቢያ ተገደለ። ሚስቱ ተከሰሰች፤ በ1901 ጥፋተኛ ተባለች። ይግባኝ ብላ ፍርዱ ተሻረ፤ በ1903 ዳግም ሲታይ ጁሪው መስማማት አቅቶት ተለቀቀች። ጉዳዩን ለጋዜጣ የዘገበችው ወጣት ሱዛን ግላስፔል ኋላ ላይ በዚሁ መነሻነት በ1916 ተውኔት፣ በ1917 አጭር ልቦለድ ጻፈች።

በድርሰቱ ውስጥ ዐቃቤ ሕጉና ፖሊሱ ቤቱን ሲበረብሩ፣ ሁለት ሴቶች ወጥ ቤት ተቀምጠው የተከሳሿን ያላለቀ ኩዊልት ያያሉ። ስፌቱ ሁሉ የተስተካከለ ነው፤ የመጨረሻው ቁራጭ ብቻ ተንጋዷል። እጇ በዚያን ሰዓት ለምን እንደተንቀጠቀጠ ሁለቱም ይገባቸዋል። ወንዶቹ ግን «ስለ ጨርቅ ነው የሚያወሩት» ብለው ይስቃሉ። ከሴቶቹ አንዷ የተንጋደደውን ስፌት ተርትራ ታስተካክለዋለች። በሕግ ቋንቋ ማስረጃ ማጥፋት ነው። ሆኖም በዚያን ጊዜ በአዮዋ ሴት በጁሪ ውስጥ መቀመጥ የማትችል መሆኗን ስናስታውስ፣ ደራሲዋ ማንን እንደከሰሰች ግልጽ ይሆናል። የማስረጃ ሕግ ለሚማሩ ወጣቶች ይህን ድርሰት እንዲያነቡ ሁሌም እመክራለሁ። ምክንያቱም ዳኛ የሚንቀውን ነገር አያይም።

ሌላው የሕግ ነገር የባለቤትነት ጥያቄ ነው። የጊስ ቤንድ ሴቶች ዝና ካገኙ በኋላ ንድፎቻቸው በምንጣፍና በሌሎች ሸቀጦች ላይ መታተም ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2007 ከሰፊዎቹ ጥቂቶቹ «ተገቢው ክፍያ አልደረሰንም» ብለው ክስ መሠረቱ፤ በ2008 ጉዳዩ ተቋጭቶ መዝገቡ ተዘጋ። ማን ትክክል እንደነበር መፍረድ የእኔ ድርሻ አይደለም። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው። ከድሮ ጀምሮ የሚታወቅ ንድፍ፣ ለምሳሌ ዘጠኝ ቁራጭ የሚገጠምበት፣ የጋራ ሀብት ነው። አንድ ሰው ከራሱ አመንጭቶ ያቀናበረው ገጽ ግን ባለቤት አለው። በእኛም አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ቆይቷል፤ ሕጉ የሚጠብቀው ወጥ የሆነና ግዙፍነት ያገኘ ሥራን ነው። ለሽሮ ሜዳ ጠላፊዎችና ሸማኔዎች ጭምር የምመክረው፣ ሥራቸውን ፎቶ አንስተው ቀን ጽፈው እንዲያስቀምጡና ከነጋዴ ጋር ሲዋዋሉ በጽሑፍ እንዲዋዋሉ ነው።

እንዴት ይጀመራል?

ለጀማሪ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ስለታም መቀስ፣ መርፌ፣ የጥጥ ክር፣ ሜትር፣ ቀጥ ያለ ማስመሪያ፣ የልብስ ሰፊ ጠመኔ፣ ካውያና ሃምሳ ያህል መርፌ ቁልፍ ይበቃል። ቤት ውስጥ የእናት ሲንጀር ካለ እሰየው፤ ከሌለም በእጅ ይሰፋል። የጃፓኑ ኦልፋ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው፣ እንደ ፒዛ መቁረጫ የሚሽከረከር ምላጭ ሥራውን እጅግ ያፈጥነዋል። ካላገኙት ግን መቀስ ይበቃል፤ ከ1979 በፊት የነበሩት ሁሉ የተሠሩት በመቀስ ነው።

ጨርቁን ከየት? ልብስ ሰፊዎች በየቀኑ የሚጥሉት ብጣሽ አለ፤ በትህትና ከጠየቋቸው ብዙዎቹ ይሰጣሉ። አሮጌ ሸሚዝ፣ አንሶላና መጋረጃም ይሆናል። ጥሩው የጥጥ ጨርቅ ነው። የሚለጠጥ ካናቴራና የማይለጠጥ ፖፕሊን አንድ ላይ አይስማሙም፤ አንደኛው ሌላውን ይስበዋል። ናይለን ነክ ጨርቅ በጋለ ካውያ ይቀልጣል። ማንኛውንም ጨርቅ ከመቁረጥዎ በፊት አጥበው ይተኩሱት። ቀዩንና ጥቁሩን ደግሞ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አሽተው ይፈትኑት፤ ቀለም ከለቀቀ ሌላውን ያበላሻልና።

ለመጀመሪያ ሥራ «ዘጠኝ ቁራጭ» የሚባለውን እመክራለሁ። 12 በ12 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ቁራጮችን አምስት ከደማቅ፣ አራት ከፈዛዛ ጨርቅ ይቁረጡ። እንደ ዳማ ገበታ አፈራርቀው በሦስት ረድፍ ይደርድሯቸው። በየጠርዙ አንድ ሴንቲ ሜትር እየተዉ መጀመሪያ ቁራጮቹን ወደ ረድፍ፣ ቀጥሎ ረድፎቹን እርስ በርስ ይስፉ። የተሰፋው እያንዳንዱ ቁራጭ 10 ሴንቲ ሜትር ይቀራል፤ ሙሉው ክፍል 30 በ30 ይሆናል ማለት ነው። እንዲህ ያለ 12 ክፍል ሠርተው ሦስት በአራት ቢያቀናጁት 90 በ120 ሴንቲ ሜትር የሆነ የሕፃን ልብስ ያገኛሉ። በጠቅላላው 108 ቁራጭ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። በእያንዳንዱ ስፌት አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ብትስቱ፣ አንዱ ቁራጭ በሁለቱ ጎኑ ሁለት ሚሊ ሜትር ይሳሳታል። በወርዱ ዘጠኝ ቁራጭ ስላለ ስሕተቱ 18 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። አንዱ ረድፍ ከሌላው ጋር አልገጥም የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ልኬቱ ላይ ቸር አትሁኑ። ስፌቱንም በአንዱ ረድፍ ወደ ቀኝ፣ በሚቀጥለው ወደ ግራ አጥፎ መተኮስ ማዕዘኖቹ እርስ በርስ እንዲቆላለፉ ያደርጋል።

ገጹ ካለቀ በኋላ ገበሩን ከገጹ በየጎኑ አምስት ሴንቲ ሜትር አስበልጠው ይቁረጡ። ለዚህ አቡጄዲን የሚያህል የለም፤ ርካሽ ነው፣ መርፌ አያስቸግርም። ገበሩን በደንብ ወጥረው ወለል ላይ ያንጥፉ፣ ባዘቶውን ወይም ያለቀ ጋቢ በላዩ ያድርጉ፣ ከዚያ ገጹን ያልብሱት። ከመካከል ወደ ጠርዝ እየሄዱ በየጋቱ በመርፌ ቁልፍ ይያዙት። ስፌቱም የሚጀምረው ከመካከል ነው፤ ከጠርዝ ከጀመሩ መካከሉ ላይ ጨርቁ ይቋጠራል። ባዘቶ የተጠቀመ ሰው ስፌቱን ቀረብ ቀረብ ያድርግ፤ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ የተጠቀመ ግን ራቅ ቢያደርገውም ግድ የለም። መጨረሻ ላይ ዙሪያውን በቅድ ጨርቅ መከፈፍ ነው። እኔ በእጄ፣ ማታ ማታ አንድ ሰዓት እየሠራሁ፣ እንዲህ ያለው ሁለት ወር ገደማ ይፈጅብኛል።

የእናቴ ቀሚሶች

ይህን ሁሉ ልፋት ምን አመጣው የሚል አንባቢ አይጠፋም። አንድ ነገር ልንገራችሁ። እናታችን ስታርፍ አራት ልጆች ነበርን። እንደ ወጉ ልብሷን ለነዳያን ልንሰጥ ተሰበሰብን። አብዛኛው ተሰጠ። ዘወትር የምትለብሳቸው ስድስት የቤት ቀሚሶች ግን ያለቁ ስለነበሩ ለሰው የሚሰጡ አልነበሩም። እኔ ልውሰዳቸው አልኩ። ታላቅ እህቴ ምን እንዳሰብኩ ስትረዳ «አንተ ልጅ፣ የእማዬን ቀሚስ በመቀስ ልትቆርጠው ነው?» ብላ አለቀሰች። ነገሩ ቀላል አልነበረም። የሞተ ሰው ልብስ መቁረጥ ለእርሷ ሟቿን እንደመንካት ነበር። ሦስት ወር አስቀመጥኳቸው። በመጨረሻ ራሷ ደውላ «ሥራው፤ ግን የአንገቱን ጥልፍ እንዳትቆርጥ» አለችኝ።

በውርስ ሕጋችን የማይከፋፈል ንብረት ወራሾች ካልተስማሙበት ይሸጥና ገንዘቡ ይከፈላል። የእናት ቀሚስ ግን ገበያ የለውም፤ ለአንዱ ከተሰጠም ሦስቱ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ተቆርጦ ሲገጣጠም አራት ኩዊልት ወጣው፤ በእያንዳንዱም ውስጥ ስድስቱም ቀሚሶች አሉ። በሥራ ዘመኔ ብዙ የውርስ ክፍፍል አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ሁሉም የረካበት ግን አላስታውስም። የአንገቱ ጥልፍ በእህቴ ኩዊልት መካከል ላይ ነው።

ኋላ ላይ ሳነብ የጊስ ቤንዷ ሚዙሪ ፔትዌይ እ.ኤ.አ. በ1942 ባሏ ሲሞት የሥራ ልብሱን ቆራርጣ ከልጇ ጋር ኩዊልት እንደሰፋችው አገኘሁ። የጉልበቱ ቦታ የነጣው ሱሪ እንዳለ ይታያል። የአላባማ ገበሬና የአዲስ አበባ የሕግ ሰው በአንድ ሐዘን አንድ መፍትሔ ላይ መድረሳቸው አልገረመኝም። ሐዘን እጅን ሥራ ሲያስፈታ ይከብዳል፤ እጅ ሲሠራ ግን ቀለል ይላል።

«ወንድ ልጅ መርፌ ይዞ?»

ይህ ተቃውሞ በተለይ ያስቀኛል። በአገራችን ሴቶች ይፈትላሉ፣ ወንዶች ይሸምናሉ። ሐረር ጀጎል የሄደ ሰው «መኪና ግርግር» የሚባለውን መንገድ ያውቀዋል። ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪኖች ድምፅ ነው፤ መኪናዎቹን የሚያሽከረክሩት ደግሞ ወንዶች ናቸው። ታዲያ የሚያሳፍረን ወንድነቱ ሳይሆን ሙያው ነው። ሸማኔን፣ ጠይብን፣ ፋቂን ስንሰድብ የኖርን ሰዎች ነን። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት በዚሁ ምክንያት ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ስድቡ ግን ገና ይግባኝ ላይ ያለ ይመስላል።

የተማረው ክፍል በዚህ ረገድ የበለጠ በደለኛ ነው። እጃችንን ለፊርማና ለሞባይል ብቻ ትተነዋል። ቀኑን ሙሉ ከሠራን በኋላ ምሽት ላይ «ይህን ሠራሁ» ብለን የምንዳስሰው ነገር የለንም። ሪፖርቱ ሌላ ሪፖርት ይወልዳል፣ ስብሰባው ሌላ ስብሰባ። መርፌ ግን አንድ ጋት ከሰፋች አንድ ጋት ሰፍታለች፤ የሚሽራት የበላይ አካል የለም። ከምትገኘው ደስታ ትልቁ ይኸው ነው። ሁለተኛው፣ ሐሳብ ሳይበተን የሚያርፍበት ጊዜ መገኘቱ ነው። ሦስተኛው፣ አብሮ መሥራት ነው። አሜሪካውያን ሴቶች አንድ ትልቅ ማዕቀፍ ከብበው እየሰፉ ወሬ ያወሩ ነበር፤ እኛ ደግሞ ጥጥ ስንፈትል፣ ሰፌድ ስንሰፋ ቡና አፍልተን የምናደርገው ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ያልን ሕዝብ ስለ መርፌና ክር የሚነግረን አያስፈልገንም።

ገንዘብ ይገኝበታል ወይ? ይህን ለሚጠይቁኝ የምመልሰው በመዝናኛነት ጀምሩት ብዬ ነው። በእጅ የተሠራ ኩዊልት የፈጀውን ሰዓት ያህል ዋጋ ማውጣት በየትም አገር ያስቸግራል፤ ከቻይና በመኪና ተሰፍቶ የሚመጣው ዋጋውን ይሰብረዋል። ለቤተሰብ፣ ለሚወለድ ሕፃን፣ ለሚያገባ ልጅ ከሆነ ግን ዋጋው በሌላ ሚዛን ነው የሚለካው።

ለመሞከር የፈለገ አንባቢ በአንድ የትራስ ልብስ ይጀምር። ከቤቱ ቁም ሣጥን ሦስት የማይለብሳቸውን ሸሚዞች ያውጣ፤ 12 በ12 አድርጎ ዘጠኝ ቁራጭ ይቁረጥ። ዘጠኙን ሰፍቶ ሲጨርስ ልቡ ካልፈቀደ፣ የሚያጣው አንድ ቅዳሜ ነው። ልቡ ከፈቀደ ግን ከዚያ ወዲህ ድሪቶ የሚለውን ቃል እንደ ድሮው ለስድብ አይጠቀምበትም። ቸር እንሰንብት።